የአቦይ ተስፋይ መኪና ለትልቅ ጉዳይ ሲለግም

ካፖ ሐጎስ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁልፍም መዶሻም አልተሰጠኝም። ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። ከደሴ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መቀሌ የገባሁ፣ ገበያው ውስጥ ጨው የምሸከም የወሎ ልጅ ነበርኩ። ካፖ፣ በጣሊያን አጠራር አለቃ ማለት ነው፣ አንድ የተነሣ ሞተር ፊት አቆሙኝና ጆሮዬን ይዘው ወደ ኮፈኑ አስጠጉኝ።

«ምን ይላል?»

«ይስላል» አልኩ።

«ደህና። ከእንግዲህ እሱን ስማ፤ ባለቤቱን ግን አትስማ። ባለመኪና ሁሉ ወሬኛ ነው። ሞተር አይዋሽም።»

ቃሉን በልቤ ያዝኩት። በኋላ ከእንጀራዬ ሊነቅለኝ የነበረውም ይኸው ቃል ነው።

መጀመሪያ ብሎን በላምባ አጣቢ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ረዳት። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ እንድገጥም ሲፈቀድልኝ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «መካኒክ ሰይድ» ይለኝ ጀመር። እኔም ያለ ነገር ቅባት የነካው ልብስ ለብሼ ገበያ መዞር አበዛሁ። ጨው ያሸከሙኝ የነበሩ ሰዎች እንዲያዩኝ ነው፤ ምን ይደበቃል።

አቦይ ተስፋይ በዚያ ሰሞን መጡ። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ጥቁር አሮጌ መኪና አላቸው፤ ራሳቸው ይነዱታል፤ ሲነዱት ደግሞ በበቅሎ ልማድ «ሐይ» ይሉታል።

«ይህ መኪና ሰው ያውቃል» አሉ። «ለገበያ ስሄድ ይነሣል። ለትልቅ ጉዳይ ስነሣ ይለግማል። ዳኛ ፊት ስጠራ እምቢ፣ ለቅሶ ስሄድ እምቢ። ረፋዱ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ዓይን ነው።»

ካፖ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ ባለቤቱን አትስማ ማለታቸው ነው። መነሻውን ብነካው ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ።

«ጤነኛ ነው፣ አቦይ» አልኩ።

«ቤት ያመፀ ልጅ ሰው ፊት ጨዋ ሲሆን አይተህ አታውቅም?» ብለው ተቆጡኝ።

ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። የባትሪውን ራሶች በሙቅ ውኃ አጠብኩ። እሳቱን የሚያቆራርጠውን ፑንቲና ሞረድኩ። ቤንዚኑን አጠለልኩ። አቦይ ወሰዱት፣ አመሰገኑ፣ ለአንድ ክርስትና ሊሄዱ ሲሉ ለገመባቸው፤ ከቀትር በፊት እየነዱ መልሰው አመጡት። በየጊዜው እንደዚሁ ሆነ። እኔም ጆሮዬን ደግኜ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ምን ይበለኝ? ጤነኛ ነዋ።

አንድ ቀን አቦይ ቆባቸውን አውልቀው ገቡ። ልጃቸው ከቁሓ ሙሽራ ሊያመጣ ነው። አማቾቹ በቅሎ እናዘጋጅ ቢሉ፣ አቦይ «ልጄ በመኪና ነው የሚመጣው» ብለው ፎክረዋል።

«ቁሓ ሁሉ ወጥቶ ያየኛል» አሉ። «ያን ቀን ከለገመ፣ እኔ መቀሌ ላይ አልኖርም።»

ሲወጡ ካፖ ወደ እኔ ዞሩ። «ወዲ ወሎ፣ ይህ መኪና ያንተ ነው። ከሙሽራው ጋር አብረህ ትሄዳለህ። ቁሓ ላይ ከቆመ፣ የደሴ መንገድ እዚያው በደጁ ያልፋል። በዚያው ቀጥል፤ ወደዚህ አትመለስ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። የጨው ሸክሙ ትከሻዬ ላይ ተመልሶ የተጫነ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ አቦይ ስለ ሠርጉ ሊነጋገሩ ቁሓ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። መቼም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ይለግማል ብዬ በጧት ቤታቸው ሄድኩ። መኪናው ግቢው መሐል ቆሟል። አጠገቡ የአቦይ የነፍስ አባት ቀሺ ሀብቱ ጣሳ ይዘው ቆመዋል።

«ከመይ ሓዲርካ፣ ሰይድ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።

አቦይ ኮፈኑን በክብር ከፈቱ። ቀሺ ሀብቱ እየጸለዩ ጸበሉን ሞተሩ ላይ አፈሰሱት። ረጩት አላልኩም፤ አፈሰሱት ነው ያልኩት። በተለይ ዲስትሪቡተሩ ላይ፣ ማለት እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለው ባለ ጥቁር ክዳን ዕቃ ላይ።

«እሱ ልቡ ነው» አሉ አቦይ። «እሱ ላይ ይጨምሩለት፣ ቀሺ።»

አቦይ ገብተው ሊያስነሡት ሞከሩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ እሳት የለም። «ይኸው፣ ለገመ» አሉና አዩኝ። ክዳኑን ከፈትኩት፤ ውስጡ ውኃ አቁሯል። ጨርቅ ሳወጣ አቦይ እጄን ያዙ።

«ምን ልትሠራ ነው? ጸበል በጨርቅ አይጠረግም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተቀመጥ። ሲፈቅድ ይነሣል።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ወጣች፤ ውኃው ደረቀ፤ ረፋዱ ላይ ተነሣ። «አየህ?» አሉ አቦይ። «ጸበሉ ሠራ።»

ያኔ ነው ባለቤቱን የጠየቅሁት። «ይህን ማስረጨት መቼ ጀመሩ፣ አቦይ?» እንደነገሩኝ፣ ክረምት ላይ አንድ ጧት፣ መኪናው ዝናብ ሲዘንብበት አድሮ እምቢ አላቸው። ቀሺ ረጩለት፤ ከሰዓታት በኋላ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ጉዳይ ሲኖራቸው አስቀድመው ያስረጩታል። ለገበያ ግን ማን ቄስ ያስቸግራል?

እየሮጥኩ ጋራዥ ገባሁና ለካፖ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«በል ንገራቸዋ» አሉኝ።

«እኔ? ስሜ ሰይድ ነው፣ ካፖ። ለክርስቲያኑ ሽማግሌ 'ጸበልዎ ነው መኪናውን ያሳመመው' ልበል? እርስዎ ይንገሩ እንጂ።»

«እኔማ እንዴት ብዬ? ልጄን ያጠመቁት ቀሺ ሀብቱ ናቸው። የእናቴም ተዝካር ደርሷል።»

ተያየን። ሁለታችንም አልነገርንም።

በሠርጉ ዋዜማ ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው፣ ላስቲክ ቆርጬ ዲስትሪቡተሩን እንደ ሕፃን ጠቀለልኩት፤ በሲባጎ አሰርኩት። የሽቦዎቹ መግቢያ ግን ክፍት ቀረ፤ የሚደፍነው ሰም ፈለግሁ።

«አቦይ፣ ቁራጭ ጧፍ ይኖርዎታል? ለመኪናው ነው» አልኩ።

አቦይ ጠጋ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሰይድ ልጄ፣ ላንተም ተገለጠልህ?» አሉና አንድ እስር ጧፍ አመጡ። ተቀበልኩና አቅልጬ ደፈንኩበት።

በማግስቱ ቀሺ ሀብቱ በጣሳ አልመጡም፤ ሠርግ ነውና ሙሉ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። ኮፈኑ ተከፈተ። ቀሺ ላስቲኩን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ አፈሰሱት። ሙሽራው በነጭ ልብስ ተቀምጧል፤ ከበሮው ቆሟል፤ እኔ በልቤ የማውቀውን የቁርኣን ሱራ ሁሉ እየቀራሁ ነው። አቦይ መነሻውን ነኩ። ባንድ ጊዜ ተነሣ።

እልልታው መቀሌን አናወጣት። የቁሓን ዳገት ያለ ሳል ወጣነው። እዚያ ደግሞ የሙሽራዋ አባት «የእኛም ደብር አይቅር» ብለው የራሳቸውን ቄስ ከነጸበል እንስራው አቀረቡ። ተፈሰሰ። ሙሽራዋ ገባች፤ ሞተሩም ተነሣ። የደሴን መንገድ በመስኮት እያየሁ ወደ መቀሌ ተመለስኩ።

ማታ አቦይ ለእስላም እንግዶች ለብቻ ባሳረዱት በግ ጠግበን ተቀምጠናል። ቀሺ ሀብቱ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ያ ላስቲክ ደህና ነገር ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔም ውኃው ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እኔ ቄሱ ልናገር? አንተስ ለምን አልነገርክም?»

«እኔ ሰይዱ ልናገር?»

እስኪያስለን ሳቅን። አቦይ ከወዲያ አዩንና የሰላም ወሬ መስሏቸው ለቀሺ ጠላ አስጨመሩላቸው፤ ለእኔ ብርዝ።

አቦይ ግን የጧፉን ወሬ ለብቻቸው አልያዙም። ሳምንት ሳይሞላ ባለመኪናዎች ጋራዥ ድረስ ጧፍ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ጎማው ተንፍሶ ነው የመጣው። ካፖ ሐጎስ ጧፉን ሁሉ ሰብስበው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ዲስትሪቡተር ማልበሱ ግን ቀጠለ፤ እስከ ጡረታዬ ስሠራው ኖርኩ።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህ ነው፦ አንዴ የሚነሣ አንዴ እምቢ የሚል መኪና ሲመጣላችሁ፣ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱን «እምቢ ባለበት ጧት፣ ከማስነሣትዎ በፊት ምን አደረጉለት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ስሙ።