የጣሪያው ዱድ

ከሱዳን እንደመጣን ፔታህ ቲክቫ ከተማ ውስጥ፣ ራማት ቬርበር ሰፈር አጠገብ ያስገቡን ሕንፃ ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ዱድ ነበረው፤ ፀሐይ የምታሞቀው የውሃ በርሜል ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን በየቤታቸው የየራሳቸው አላቸው። ለእኛ ግን አንድ ለሁላችን ይበቃል አሉን። «የጋራ ፕሮጀክት» ብሎ የሰየመው አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ቁምጣ ለባሽ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት የሚያንቃጭል፣ ከጮኸ ዕብራይስጡ የሚገባን የሚመስለው። እኔ ቋንቋው ቶሎ ስለገባኝ አስተርጓሚው ሆንኩ፤ ቶሎ መማሬን የረገምኩት ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጣሪያ ላይ ሰበሰበንና በጣቱ ወደ ሰማይ እያመለከተ «ይህቺ ፀሐይ ናት። ታሞቃለች» አለን። በረሃ አቋርጦ ለመጣ ሕዝብ! ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ አዲስ ነገር እንደሰሙ ሁሉ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱም ተናደድኩ።

ጣጣው የመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። እናቴ ገላዋን ሳትታጠብ ሰንበት ከገባ ከሰው ጋር አትቀመጥም፣ የሰንበቱን ዳቦ አትነካም፤ ጓዳ ገብታ ለብቻዋ ትውላለች። በቀዝቃዛ ውሃ እንዳትታጠብ ደግሞ በስደቱ መንገድ የተጎዳው ጉልበቷ አልጋ ላይ ይጥላታል።

ውሃው ቀትር ላይ ይፋጃል፤ ግን ማን ይክፈተው? ምድር ቤት የሚኖሩት ቄስ ሳይታጠቡ መቅደም ነውር ነው። ቄሱ ደግሞ «ልጆች ያሏቸው ይቅደሙ» ይላሉ። ባለልጆቹ «ኧረ ምን በወጣን!» ይላሉ። እንዲህ ሲገባበዙ ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ባንዴ ይከፍታል። ሁለት ቤት ይሞቀዋል፣ በሌላው ላይ በረዶ ይወርዳል። ማንንም የማትቀድመው እናቴ በየሳምንቱ ከጓዳ ቀረች። ይሉኝታችንን ቄጤማ አንጥፈን ብናመልከው ይሻለን ነበር።

ሰውየው ሙቅ ውሃው እንደማይሠራበት ሲሰማ ቧንቧ መክፈት አያውቁም ብሎ ደመደመ። ቀይ ቀለም ይዞ መጥቶ የሙቁን ቧንቧ በየቤቱ ቀባልን። ያም አልበጀ ሲል ቫዓድ ምረጡ አለ፤ ኮሚቴ መሆኑ ነው። ሦስት አዛውንት ተመረጡ። የመጀመሪያው ስብሰባ «እርስዎ ይናገሩ»፣ «ኧረ እርስዎ እያሉ» ሲባባሉ አለቀ።

በብርዱ ወራት አንድ ዓርብ፣ እናቴ ፎጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራ ስትጠብቅ አየኋትና ደሜ ፈላ። «ተነሺ፣ አሁን ታጠቢ» አልኳት።

«ከቄሱ በፊት? ሞቼ እገኛለሁ!»

ደረጃውን ወርጄ የቄሱን በር ደበደብኩ። «አባቴ፣ በእርስዎ ትሕትና እናቴ ከሰንበት ወጥታ ቀረች» አልኳቸው። እንዲህ ለቄስ አይነገርም። ፎጣቸውን አንስተው ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው እየተንጠባጠበ ደረጃውን ወጥተው እናቴን «እኔ ታጥቤያለሁ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ ቄሱ ራሳቸውን አርሰው ደረጃው ላይ ይታያሉ፤ ሰውም በየተራው ይታጠባል። «ቄሱ ሆዳም ሆኑ» ብለው ያሟቸው ነበሩ፤ ሙቁን ውሃ እየታጠቡበት። እናቴ ግን ከሰው ጋር ተቀምጣ ዳቦዋን ቆረሰች።

አንድ ቀን ሰውየው እንግዶች ይዞ መጣ። የጋራ ፕሮጀክት የሚሳካው በትምህርት፣ በቫዓድና በክትትል ነው እያለ ሰበከላቸው፤ ቀዩን ቀለምም አስጎበኘ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ቀትርም አልፏል። ምድር ቤት ስንደርስ በቄሱ መታጠቢያ ቤት ቀዩን ቧንቧ ሊከፍት ሞከረ፤ አልዞር አለው። በመፍቻ ታግሎ ሲያላቅቀው መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ሙቅ ውሃ ወጣ። ከተገጠመ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

የቄሱ ፀጉር ገና እርጥብ ነው፤ ለካ በቀዝቃዛው ውሃ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ሽማግሌው አላወቀበትም በይልኝ» አሉ። «እናትሽ እንዳትሰማ፣ ልጄ። ከሰማች ዳግመኛ አትቀድመኝም።»

ያሉኝን ተረጎምኩ። እንግዶቹ ሳቁ። ሰውየው የቄሱን እጅ እንደ ሕፃን ልጅ እጅ ይዞ ቀዩ ቧንቧ ላይ አስቀመጠና «ሙ-ቅ!» ብሎ ጮኸባቸው። ፊቱን ብቧጭረው ደስ ባለኝ።

«በሰደር፣ በሰደር» አሉት ቄሱ፣ እሺ ገባኝ ማለታቸው ነው።

እንግዶቹ ከበር ሳይርቁ ቄሱ ጎንበስ ብለው ቧንቧውን መልሰው ዘጉት።