ሽማግሌ ያስቆመች ቃል

ሞጣ ላይ የብረት በር የሚፈልግ ሰው ወደ ፋንታ ይሄዳል። ጎረቤቱ ነኝና አውቀዋለሁ፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ቂሙ ግን ከሚበይደው ብረት ይጠናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ፋንታማ ለመርሳት ሞክሮም አያውቅ።

ነገሩ የተጀመረው ከዓመታት በፊት፣ ጃፓኖች በዓባይ በረሃ አዲሱን ድልድይ ሲሠሩ ነው። ፋንታና የቢቸና አብሮ አደጉ ምናለ ጃፓኖቹ ዘንድ በቀን ሥራ ተቀጠሩ። ምናለ ቀድሞ ስለገባ ቋንቋውን ለቃቅሟል። አንድ ቀን ዋናው መሐንዲስ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንት፣ ከሠራተኛው መካከል ረዳት ሊመርጡ መጡ። ፋንታ ዝግጁነቱን በቋንቋቸው ሊያሳይ ፈልጎ ወደ ምናለ ጠጋ ብሎ፣ "'እንሂድ' ለማለት ምን ልበላቸው?" ሲል ጠየቀው።

"ኢኮ በላቸው" አለው ምናለ።

ፋንታ በሰው ሁሉ ፊት "ኢኮ!" አላቸው። ጃፓኖቹ ሳቁ፤ አዛውንቱ ፊታቸውን አዞሩ። ለካ "ኢኮ" ለጓደኛ የሚባል ነው፤ የተከበረ ሰው "ኢኪማሾ" ነው የሚባለው። ምናለ ይህን ያውቅ ነበር፣ ከሀዲ! ረዳትነቱን እሱ ወሰደ። ለፋንታ የተረፈው "ኢኮ" የሚል ቅጽል ስም ነው።

ፋንታ ሁለቱንም ቃል ለልጁ ለሀይማኖት ገና ስትኮላተፍ አስተማራት። "እንደ እኔ ማንም እንዳያዋርድሽ" ይላት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ፋንታ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ ምናለ! ልጆቹ ባሕር ዳር ሲማሩ ተዋደው ኖሮ፣ ሀይማኖትን ለወንድ ልጁ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ደንቡ ነውና ሽማግሌ "ተቀመጡ" እስኪባል ይቆማል። ፋንታ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆማቸው። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ነበርኩና እኔም አንጀቴ ራሰ።

"ጋሼ ምናለ" አለ ፋንታ፣ እኩያውን አንቱ ብሎ፣ "ታላቅ ሰው 'እንሂድ' የሚባለው እንዴት ነበር? እስቲ ያስተምሩኝ።"

ምናለ አንገቱን ደፋ። "ኢኪማሾ። በድዬሃለሁ ፋንታ፤ ስለ ማርያም፣ በልጆቹ አትጨክን።"

"ለእርስዎ ኢኮ ይበቃዎታል። ኢኮ!" ብሎ በሩን አሳየው።

ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲሉ ሀይማኖት ነጠላዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። አባቷን አላየችም። ምናለ ፊት ጎንበስ ብላ "ኢኪማሾ" አለችና፣ አባቷ በበየደው በር ቀድማቸው ወጣች።

ፋንታ ሽማግሌዎቹን በነፈጋቸው አግዳሚ ላይ ብቻውን ቁጭ አለ።