ሽቶ መሸጫውን ዞረው የመጡት ሽማግሌ

እትዬ ጉያቱ ሰላምታ የጀመረች እንደሆነ የቸኮለ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልግ። ነገሌ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ምግብ ቤት አላት፤ እኔ ከጎኗ ልብስ እሰፋለሁ። ከበሯ እስከ ገበያው ያለችውን አጭር መንገድ ለመሄድ ማለዳ ወጥታ ለምሳ የምትመለስበት ቀን አለ። ያገኘችውን ሁሉ ቆማ ትጠይቃለች፤ ሰውየውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ሣሩን። ሰላምታው የቦረና ነው፤ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ናጋ»፣ ሰላም ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንኳ አስቀድሞ «ናጋ» ይላል፤ ክፉው ወሬ የሚወጣው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። መሀል ላይ አቋርጦ መሄድ ደግሞ ሰላምን ራሱን እንደ መግፋት ይቆጠራል። እኔ የክብረ መንግሥት ልጅ ነኝ፣ ችኩል ነኝ፤ መቀስ በእጄ እንደያዝኩ ስንት ጊዜ በሯ ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ!

ልጇ ሄራን ኖርዌይ ውስጥ ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እትዬ ጉያቱ ያለቻት እሷው ብቻ ናት። ሄራን እዚያው አገር የተልተሌ ልጅ አገኘች፤ ቡሌ ይባላል። ተዋደዱ፣ ቀን ቆረጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ያዙ፣ ለእናትየው ትኬት ላኩ። ሁሉም አምሮ ሳለ አንድ ነገር ጎደለ፤ ሽማግሌ አልተላከም። የልጁ አባት ነገሌ ድረስ ሊመጡ ተነስተው ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ መለሳቸው ተባለ። ከዚያ ስልክ ደወሉ። እትዬ ጉያቱ የማን ስልክ እንደሆነ ስታውቅ «ልጅ በስልክ አይለመንም» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። የሰውየውን ነገር ሁለተኛ ማንም እንዳያነሳባት ከለከለች። ለሄራንም ቁርጡን ነገረቻት። «እመጣለሁ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ከፊት እቀመጣለሁ። ምርቃት ግን ከእኔ አትጠብቂ፤ ማንም ያልለመነኝን ልጅ አልሰጥም።» ሄራን በስልክ ስታለቅስ እኔም ሰምቻለሁ፤ በመሀላችን ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ አዲስ አበባ ላይ ተሳፈረች፤ አውሮፕላኑ ግን የሚነሳ አልሆነም። አየር መንገዱን ስሙን አልጠራም፤ ሰውን ሁሉ ቀበቶ አሳስሮ አንዴ «ትንሽ ብልሽት አለ»፣ አንዴ «ፈቃድ እየጠበቅን ነው» እያለ ግማሽ ቀን አስቀመጠው። ወደ ወደራ የሚሄድ የአገር ቤት ሚኒባስ ቢሆን ሹፌሩን አንድ ሁለት ተናግራው ይወጣላት ነበር። እዚህ ማንን ትናገር? በተቆጣች ቁጥር ከረሜላ ያመጡላታል።

መሸጋገሪያው ከተማ ስትደርስ (ስሙን ለመጥራት እስከ ዛሬ ምላሷ አልተፈታም) የኖርዌዩ አውሮፕላን ሄዷል። ወንበር ላይ አደረች። ለዓርብ ከሰዓት ሌላ ሰጧት፤ እሱም ዘገየ፤ መሳፈሪያ በሩ ተቀየረ፤ እንደገና ዘገየ፤ በሩ እንደገና ተቀየረ። ሻንጣዋን እየጎተተች ከሰው ኋላ ኋላ ስትል ዋለች። ከሁሉ የባሰባት የሚያናግራት ማጣቷ ነበር። «ሰላም» የምትላቸው ሁሉ ፈገግ ብለው ያልፏታል። ቆሞ ከብቷን የሚጠይቃት አንድ ሰው ጠፋ!

በመጨረሻው በር ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ ከጀርባዋ አንድ ሰው «ያ ዋቃ!» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «አምላኬ ሆይ» ማለቱ ነው፣ ያውም በቦረና አፍ። ዞር ስትል ኮት የለበሱ፣ ራሳቸው ላይ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ አየች።

«ናጋ?» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ናጋ! አካም ጂርቱ?» ሽማግሌው ብድግ አሉ፤ እንዴት ነዎት ማለታቸው ነው።

«ወራ ናጋ?» ቤተሰቡ። «ናጋ።» «ጆሌ ናጋ?» ልጆቹ። «ናጋ።» «ሎን ናጋ?» ከብቱ። እትዬ ጉያቱ ከብት ማርባት ካቆመች ቆይታለች፤ ቢሆንም ናጋ። ዝናቡ ናጋ፣ ኤላው፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ናጋ፣ ሣሩ ናጋ። ሽማግሌው በናይሮቢ በኩል ነው የመጡት፤ እሳቸውም አንድ አውሮፕላን አምልጧቸው ወንበር ላይ አድረዋል። «መንገዱስ?» ብትላቸው «ናጋ» አሉ። «አውሮፕላኑስ?» ቢሏት «ናጋ!» አለች።

ይህ ሲሆን በድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት «ጎያቶ... ኤሪሮ... ጎያቶ... ኤሪሮ...» እያለች ትጣራለች።

«ምን ያሉ ዝንጉዎች ናቸው?» አለች እትዬ ጉያቱ። «ሰው አውሮፕላን እየጠበቀው እንዴት ይጠፋል?»

«የዛሬ ሰው ልቡ የት እንዳለ እንጃ» አሉ ሽማግሌውና ወደ ግመሎቹ ሰላምታ አለፉ።

ቀና ሲሉ በሩ ተዘግቷል። እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኩት ነበር። አውሮፕላኑ በመስታወቱ ማዶ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ቆመው አዩት። የበሩ ሠራተኛ ሰዓቷን እያሳየች ተቆጣቻቸው፣ ተቆጣቻቸውና አዲስ ትኬት ሰጠቻቸው። ቅዳሜ ማታ ይላል። ሰርጉ ደግሞ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው።

«ልጄን ልድር ነበር የምሄደው» አለች እትዬ ጉያቱ።

«እኔም የልጄ ሰርግ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ነው ስም መጠየቅ ትዝ ያላት። «አባ ማን ልበልዎት?» አለች፤ ቦረና አንድን አባት በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው።

«አባ ቡሌ። ከተልተሌ። እርስዎስ?»

«ሃዳ ሄራን» አለች ቀስ ብላ፤ የሄራን እናት። «ከነገሌ።»

«የሄራን!» አሉ ሽማግሌው። እኚያ ስልክ የተዘጋባቸው ሰው ናቸው፤ ኦቦ አረሮ፣ በማጉያው «ኤሪሮ» የተባሉት። እኔ ብሆን እዚያው ስቄ ነገሩን በረሳሁት። እትዬ ጉያቱ ግን ሻንጣዋን አንስታ ሄደችና ሌላ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች።

ኦቦ አረሮ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በአካባቢው ሲዞሩ እንደ እሳቸው አውሮፕላን ያመለጣቸው ሁለት ህንዳዊ አዛውንቶች አገኙ። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አትጠይቁኝ። እጃቸውን ይዘው አስነሷቸው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉላቸው፣ ግራና ቀኛቸው አድርገው እትዬ ጉያቱ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ደጃችሁ ቆመናል» አሉ ኦቦ አረሮ። «ለልጃችን ልጃችሁን ብለን መጥተናል።»

ህንዶቹ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ጉያቱ ሳቋ ሊያመልጣት ትንሽ ቀረው። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ልመና ልጅ አይሰጥም። ፊቷን አኮሳትራ «ሰምተናል። እንመካከራለን። ሂዱና ተመለሱ» አለች። ወዴት ይሂዱ? ከዚያ ግቢ መውጫ ቪዛ የላቸው! ሦስቱም ተሰልፈው ሽቶ መሸጫውን ዞረው መጡ። በዞሩበት ሻጯ ሦስቱንም ለሙከራ ረጭታቸው ኖሮ ሽታቸው ከእነሱ ቀድሞ ደረሰ።

«ልጁ ቁጡ ነው ይሉኛል» አለች እትዬ ጉያቱ። ማንም አላላትም፤ እንዲሁ ልትፈትን ነው።

«ቁጡ ነው» አሉ ኦቦ አረሮ። «ግን ቶሎ ይበርድለታል። እኔን ወጥቶ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎርፉ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ ነው የተመለስኩት። የነበሩት ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። ልጅዎን ንቄ አልቀረሁም።»

እስከ ደረታቸው መግባታቸውን ማንም አልነገራትም ነበር። እንዳይነግሯት የከለከለች እሷው ናት። የዘጋችው ስልክ አሁን አሳፈራት። ቢሆንም «ነገ ተመለሱ» አለች።

ቅዳሜ ሊመጡ ተሰልፈው ሽቶ መሸጫውን ሲዞሩ ስልኳ ጮኸ። ሄራን ናት።

«እማዬ፣ ሰዉ ገብቷል፤ ፓስተሩ ቆሟል። አንቺም የለሽ፣ የቡሌ አባትም የሉ። ያለ ምርቃት እንዴት ልግባ? እንተወው እንዴ?»

«ቆይ፣ አትዝጊ» አለች እትዬ ጉያቱ። «ፊቴ ሽማግሌ ቆሟል።»

«የምን ሽማግሌ? ኤርፖርት አይደለሽ እንዴ?»

እትዬ ጉያቱ ስልኩን ወደ ኦቦ አረሮ ዘረጋችው። «ለሦስተኛ ጊዜ ደጃችሁ ቆመናል» አሉ ኦቦ አረሮ፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ። «ልጃችሁን ስጡን።» ከወዲያ «አባባ!» የሚል የቡሌ ጩኸት ተሰማ።

«ለምነውኛል» አለች እትዬ ጉያቱ በስልኩ። «ሰጥቻለሁ። እኔን አትጠብቂ፣ የኔ ልጅ፤ ግቢ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ናጋ ይሁን።» አንድ ልጇ ነጭ ለብሳ ስትገባ በዐይኗ አለማየቷ እዚያ ላይ ገባት፤ አለቀሰች። እያለቀሰች እልልታውን ለቀቀችው።

የኤርፖርቱ አዳራሽ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ህንዶቹ አጨበጨቡ። ኦቦ አረሮ ኮታቸውን አውልቀው የሰርግ ዘፈን አነሱ፤ ሽቶ ሻጯ ቸኮሌት ይዛ መጣች። ሁለት ጥበቃዎች እየሮጡ ደርሰው ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ ከህንዶቹ አንደኛው በእንግሊዝኛ «እኛ የሙሽራው ወገን ነን» ብሎ መለሰላቸው። እትዬ ጉያቱ ይህን ስትተርክ ህንዶቹ በየጊዜው ይጨምራሉ፤ ባለፈው ሳምንት አምስት ደርሰዋል።

ኖርዌይ የደረሱት እሁድ ነው፤ ወንበሩ ተነስቶ፣ የሰርጉ አዳራሽ ተጠርጎ። ምግብ ቤቷ የሚመጣ ደንበኛ የሰርጉን ፎቶዎች እያገላበጠ፣ ከአንዱም ላይ ሲያጣት፣ «አይ እትዬ፣ አንድ ልጅሽ ስትዳር አልነበርሽም!» ብሎ ያዝንላታል።

ያን ጊዜ ትቆጣለች።

«ማን ነው ያልነበረ?» ትላለች። «የሰጠኋት እኔ አይደለሁ?»