መርከቧ በር ላይ የቀረችበት ፊልም

እኔ ፊልም የምወደው የሰማዩን ነው። መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትበርበትን። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። መንግሥት ሲለወጥ ከጦር ሰፈሩ ወጥቼ እዚሁ ነጌሌ ቀረሁ። ቪዲዮ ቤት የተከፈተ ጊዜ ጓደኛዬም የከብት ንግዱን ለልጆቹ ትቶ ነበር። እሱ ቦረና ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት ከቤቱ አወጣውና ጥግ ያለችው አግዳሚ ላይ አብረን እንቀመጣለን።

ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ፊልሙን እኔ በጆሮው እነግረው ጀመር። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ የመሠረተ ትምህርት ሰው ነኝ። ግን መርከብ ስትቃጠል ለማየት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል? እሱ የሚወደው ደግሞ ከወጣን በኋላ ያለውን ነው። በነሱ ዘንድ ከሩቅ የመጣ ሰው "ኦዱ?" ይባላል፤ ወሬህን አምጣ ማለት ነው። ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ከብቱን፣ ያየውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራል፤ ሰሚው "ኤዬ" እያለ ይቀበላል፤ መሀል የሚገባ የለም። ጓደኛዬ ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ ምርኩዙን መሬት ይተክልና "ኦዱ?" ይለኛል፣ ከኮከብ የመጣሁ ይመስል። እኔም አወራለሁ። እንዲህ ስንት ዓመት ኖርን።

ከዚያ መምህሩ መጣ።

ከያቤሎ ተዛውሮ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። በዚህ ሁሉ ቀይ አቧራ ጫማው ያብረቀርቃል። አንድ እሑድ ከጓደኛዬ በዚያኛው ጎን ተቀመጠና "አባባ፣ ምን እንዳሉ ልንገርዎት?" አለው። በቃ። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ከዚያን ቀን ወዲህ የጓደኛዬ ጆሮ ወደዚያ ዞረ። እኔ "መርከቧ ዞረች" ስለው፣ "ቆይ ጃላ፣ ሰውየው ምን እንዳለ እየሰማሁ ነው" ይለኛል። ቆይ! ለኔ፣ ለወዳጁ ለጃላው! ቤቴ ገብቼ ራት አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ አየችኝና፣ "ሚስት የነጠቁህ ነው እኮ የምትመስለው" አለች። ልክ ናት።

ያን ሰሞን ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ። መርከብ አለበት፣ ኮከብ አለበት፣ የሚስቁ ሰዎች አሉበት። ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅነው። ሦስታችንም ገባን፤ እሱ መሀል።

መርከብ የለም። ኮከብም የለም። እንደኔ የሰማይ ፊልም የሚወዱ ጎልማሶች ናቸው፤ ከካርቶን የራስ ቁር ቆርጠው፣ አንሶላ እንደ ካባ ደርበው፣ አዲስ ፊልም ሊያዩ ሲኒማ በር ላይ ተሰልፈው ይጨቃጨቃሉ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የኛን ቢጤ አየሁ ብዬ። ኋላ ሳየው ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እነዚህን ሰዎች አይወዷቸውም። ይስቁባቸዋል። የቀረው ወሬ ነው፣ ወሬ፣ አሁንም ወሬ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም።

መምህሩን ላብ አጠመቀው።

"አባባ፣ እዚህ ላይ የሚያስቀው… ሌላ ፊልም ላይ አንድ ሰውዬ እንዲህ ብሎ ነበር፤ እና በሱ ነው የሚያሾፉት።"

"የቱ ፊልም ላይ?"

"እኛ ያላየነው።"

"ታዲያ ምኑ ያስቃል?"

ጓደኛዬ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ፊቴን አዞርኩበት። መምህርህ አለልህ አይደል!

አለቀ። መርከቧ በር ላይ እንደተለጠፈች ቀረች። ስንወጣ ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ ፍየሎች መንገዱ ላይ ተኝተዋል። ጓደኛዬ ምርኩዙን ተከለ። ፊቱን ወደ ማናችን እንደሚያዞር ቆሜ አየሁት።

ወደ መምህሩ አዞረ። "ኦዱ?" አለው።

ጥያቸው ልሄድ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"ምንም የለም አባባ" አለ መምህሩ፤ "ሰዎቹ ተሰልፈው ዋሉ፣ ፊልሙም አለቀ።"

"ይሄ ኦዱ ነው?" አለና ወደኔ ዞረ። "ጃላ፣ አኩርፈሃል?"

"አላኮረፍኩም።"

"እሺ። ኦዱ?"

"ሰልፉ ላይ ቆመው ሳሉ" አልኩት፣ "መርከቧ መጣች።"

"ኤዬ!"

"የሊበንን ሜዳ ታክላለች።"

"ኤዬ!"

"የካርቶን ቁር የደፉትን ብቻ ለይታ ጫነች። የሚስቁባቸውን መሬት ላይ ጥላቸው ሄደች።"

መምህሩ ዓይኑ ፈጠጠ። "ጋሼ፣ ይሄን የት አዩት? እኔ እኮ—"

"ዝም በል አንተ!" አለው ጓደኛዬ። "ኦዱ ሲነገር አይቋረጥም።"

ሌላም ሌላም ጨመርኩ። ያ የደከመ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት፣ "በሉ እንግዲህ" አለ፣ "በሚቀጥለው እሑድ መምህሩ የነበረውን፣ አንተ ያልነበረውን ትነግሩኛላችሁ። ሁለታችሁም እንዳትቀሩ።"

ያልነበረውን! አውቋል ለካ። ደስ ሊለኝ ሲል ያቺ "ሁለታችሁም" ያላት ደስታዬን ለሁለት ከፈለችብኝ።

መንገዱን ልናሻግረው መምህሩ ቀኝ እጁን ያዘ። ግራውን እኔ ቀድሜ ይዣለሁ።

"ታዲያ ምርኩዜን በምኔ ልያዝ?" አለ።

መምህሩ አልለቀቀም። እኔም አልለቅም። ጓደኛዬ ምርኩዙን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ፍየሎቹን እየዞርን ተሻገርን።