እናት ያሉት፣ ልጅ የተረጎመችው

ትምህርት በፕላዝማ ይሰጥ በነበረባቸው ዓመታት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መምህር ነበርኩ። ሆድ የባሰው ተማሪ ወደ እኔ ይላካል። የእናቴ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሳድግ ግን የሰፈር ልጆች አነጋገሯን እየቀዱ ሲስቁ ስለምሰማ፣ እሷ በኦሮምኛ ስትናገረኝ እኔ በአማርኛ እመልስላት ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቋንቋውን እንደምችል የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ መናገር አቆመች። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። መምህራኑ ንቀት መሰላቸው። ወላጅ አምጪ ተባለችና እናቷን ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«አማርኛ አይሰሙም፤ እኔ አስተረጉማለሁ» አለችኝ።

እናቷ በኦሮምኛ ጀመሩ። «አባቷ ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም። እህል አይበላላትም፤ እየባነነች ታድራለች። ስጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፣ እንዳልጨነቅ ብላ ነው። በአላህ ይሁንብዎ፣ በቋንቋችን ቀስ አድርጎ የሚያናግራት ሰው ፈልጉልን።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ጠንክራ እንድትማር ምከሩልኝ ነው የሚሉት» አለች።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። የሚፈልጉት ሰው ፊታቸው ተቀምጧል። ግን በሩ ክፍት ነው፤ ደጅ ላይ መምህራን ቆመው ያወራሉ። ልጅቷን ላለማሳፈር ዝም አልኩ ብዬ ኋላ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ያፈርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

«በርቺ፣ አንብቢ» አልኳት።

እሷም ለእናቷ፣ «ሰው እንፈልግላታለን ብለዋል» ብላ ተረጎመችላቸው። እናቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እንዳልገባው ሰው አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። ጓደኞቿ አገሯ ገባች አሉኝ። ሲጨንቀኝ ሰንብቶ አንድ ቅዳሜ ገጠር ቤታቸው ድረስ ሄድኩና እናቷን በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ።

«ያን ቀን ይሰሙን ነበር?»

«እሰማ ነበር» አልኩና፣ ልጅቷ የእሳቸውንም የእኔንም ቃል ቀይራ እንደተረጎመችው ነገርኳቸው።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው የነገርኳቸውን ሁሉ ለልጃቸው ነገሯት። ከደጅ ሆኜ ለቅሶዋን ሰማሁ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እናቷም አብረዋት አለቀሱ። እኔ የማደርገው ነገር አልነበረም፣ ተመልሼ ሄድኩ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ቢሮዬ ለሚመጣ ሁሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀለው መጠየቅ ጀመርኩ፤ ከገጠር የመጡ ልጆች እየተጠራሩ ይመጡ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳን አልመጣችም። በምን ፊቴ ልጥራት?