የሚዘጋው የጭስ ማውጫ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት፣ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ሰሞን ነው። ልጄ ዛሬ ድክ ድክ ይላል። እኔ ግን እስካሁን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደረቴ ይጠብበኛል። ለሰው ሳወራው "እሱማ አልፏል፣ እርሺው" ይሉኛል። እንዳልረሳው ያደረገኝ ዘንድሮ የሆነው ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መምህር ነኝ። የምንኖረው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነው። አከራያችን አዴ ጫልቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊታችን ይኖራሉ። የነቀምቴ ክረምት ከገባ የሚወጣ አይመስልም። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ መብራት ሄደ መጣ ይላል። የመውለጃዬ ጊዜ ሲቃረብ ባለቤቴ ተሾመ የከሰል ምድጃ እንግዛ አለ። ከሰል አፍኖ ሰው ገደለ ሲባል ስለሰማ "የጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ቤቴ አይገባም" ብሎም ወሰነ። ጠንቃቃ ሰው ነው።

ሆዴን ይዤ አብሬው ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ምድጃውን ቶሎ መረጥን፤ ያቆመን የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ሁለት ዓይነት ተሰቅሏል። አንደኛው ከወፍራም ላሜራ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከታች እስከ ላይ ዝም ብሎ ክፍት የሆነ። ሌላው አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ወገቡ ላይ ትንሽ እጀታ ያለው። እጀታውን ስታዞሩት ውስጡ ያለ ክብ ብረት ቱቦውን ይዘጋዋል።

"ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ ጭስ የለውም" አለን ሻጩ። "ያኔ ትዘጉታላችሁ። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ከሰልም አይፈጅም።"

ተሾመ እጀታውን ወዲያ ወዲህ እያዞረ እንደ ልጅ ሳቀ። እኔም ወደድኩት። ጥቁሩ የጋራዥ ዕቃ ይመስላል፤ ይኼኛው ግን ቤት ውስጥ ያምራል። የሚያብለጨልጨውን ይዘን ተመለስን።

ስወልድ እናቴ ከአንገር ጉቲን መጣች። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እናቴ የአራስ አያያዟን ከወሎ እንዳመጣችው ይዛዋለች። ቅቤዋንና ማሯን ተሸክማ ከሚኒባሱ እንደወረደች ቤቴ የእሷ ሆነ። መስኮቱን በጨርቅ ጠቀጠቀችው። በበሩ ሥር ጆንያ ጎዘጎዘች። ጆሮዬን በጥጥ ደፈነች፣ ራሴን በሻሽ ጠፍራ አሰረች።

"አራስ ንፋስ ከገባት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም" ትላለች።

እስከ ክርስትናው ደጅ መውጣት የለም። እስር ቤት እንኳን ፀሐይ መሞቂያ ሰዓት አለው፤ እኔ አልነበረኝም። ለሽንት ሳይቀር ፖፖ ነው የሚቀርብልኝ። አንድ ቀን ጨንቆኝ "እማዬ፣ ትንሽ አየር ላግኝ" ብላት "አየር ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ገንፎሽን ብዪ!" አለችኝ። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም። ገንፎዬን በላሁ።

ቱቦውን መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። እጇን አስጠግታ "ይኼ ነገር ንፋስ ያስገባል" አለች። ተሾመ እጀታውን ሲያሳያት ግን ፊቷ በራ። "እጁ ይባረክ! የሠራው ሰውዬ አራስ ያውቃል" አለች።

ነገሩ የደረሰብኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ይጥላል። ተሾመ ሥራ ላይ ነው። እናቴ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ፍሙ እስኪነጣ ጠበቀች፣ ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። በሩ በንፋስ እየተበረገደ ስላስቸገራት በውጭ በኩል መዝጊያው ላይ እንጨት ሻጠችበትና አጥሚቴን ልታሞቅ ግቢው ዳር ወዳለው ማድ ቤት ሄደች።

መጀመሪያ ራሴን ከበደኝ። ሻሹ ነው ብዬ ላላ አደረግሁት። ከዚያ ጆሮ ግንዴ ይመታ ጀመር፣ ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ። ቤቱ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር የለም፤ ፍሙ ቀልቶ ያምራል። ደክሞኝ ነው ብዬ ጋደም አልኩ።

የነቃሁት ልጄ ባለማልቀሱ ነው። የመጥቢያው ሰዓት አልፏል፤ እሱ ደግሞ ደቂቃ የሚታገስ ልጅ አይደለም። አቀፍኩት። ትኩስ ነው፣ ግን እጁ ስለቀው ይወድቃል። ጡቴን አፉ ላይ አደረግሁለት፤ አልያዘውም።

ለመቆም ሞከርኩ፤ እግሬ ከዳኝ። ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ መሬት ለመሬት ተሳብኩ። በሩ ጋ ስደርስ ገፋሁት፤ አልተከፈተም። መታሁት፤ እጄ የሰው እጅ ሆነብኝ፣ ድምፅ እንኳን አያወጣም። "እማዬ" አልኩ፤ ከከንፈሬ አልወጣም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እናቴ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ አጥሚት እያማሰለች እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ክንዴ ላይ እየሞተ መሆኑንም አውቃለሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬ አየሁ። ያ ሁሉ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል፤ ብደርስስ በምን ጉልበቴ ልነቅለው? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በሩ ድንገት ተከፈተና በግንባሬ ደፉ ላይ ወደቅሁ። አዴ ጫልቱ ነበሩ። ለአራስ ጥየቃ መርቃ፣ የእነሱን ገንፎ፣ ሠርተው በጃንጥላ ከልለው ይዘውልኝ መምጣታቸው ነው።

"ኢንተሎ! ማል ታቴ? አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?" ብለው ጮሁ።

እናቴ ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች። "ዝጊው! በሩን ዝጊው! አራስ ናት እኮ!"

"ቤቱ ያፍናል! ሙጫን ኤሳ? ልጁ የታለ?"

እናቴ በሩን ለመዝጋት ትገፋለች፣ አዴ ጫልቱ ለመክፈት ይስባሉ፣ እኔ መሀል ወድቄያለሁ። በኋላ አዴ ጫልቱ የያዙትን መርቃ ጭቃው ላይ ጣሉና ልጁን ከሥሬ መንጭቀው ወደ ውጭ ወጡ። እናቴ "ንፋስ አስመታችብኝ! ልጁን ገደለችብኝ!" እያለች ፀጉሯን ነጨች። አዴ ጫልቱ በጣራው ክፈፍ ሥር ቆመው ደረቱን እያሹ፣ ፊቱን በእርጥብ እጃቸው እየዳበሱ በኦሮምኛ ይለምኑታል። ልጄ አንዴ ተንጠራራ። ከዚያ አለቀሰ። ያንን ለቅሶ የሰማሁበት ደስታ እስካሁን ቃል አላገኘሁለትም።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉልን። ሐኪሙ ለእኔና ለተሾመ "የከሰል ጋዝ ነው፤ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል" አለን። እናቴ ያን ጊዜ ውጭ ተቀምጣ እያለቀሰች ነበር። ተሾመ እጄን ያዘና "ለእማማ አንነግራትም፤ ካወቀች አትተርፍም" አለኝ። ተስማማሁ። ቤት እንደገባን የቱቦውን መዝጊያ በፒንሳ ነቅሎ ጣለውና "ተበላሸ" አላት።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። እናቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ጎረቤቷ በር ከፍታ ልጆቼን ንፋስ አስመታችብኝ" ትል ጀመር። አዴ ጫልቱ ሰላም ሲሏት ፊቷን ታዞራለች። እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አዴ ጫልቱ "ዲሲ፣ ተዪያት። እናት ናት" አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ቻሉት።

ዘንድሮ አንገር ጉቲን ያለችው ታናሽ እህቴ ልትወልድ ደረሰች። የምታርሳት እናቴ ናት። ዕቃ ልትገዛ እኛ ጋ መጣችና መጀመሪያ ያለችኝ "ያንን የሚዘጋውን ቱቦ ለእህትሽ ግዙላት" ነው። "እዚያ ማንም አያውቀውም። ራሴ እመርጥላታለሁ።"

ብናገር እናቴን ልገድላት ነው፤ ዝም ብል እህቴን። በማግስቱ ብየዳ ቤቱ ሄድን። አልቋል ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ቱቦው ግን ፊት ለፊት ተሰቅሎ ያብለጨልጫል። እናቴ ሄዳ እጀታውን ያዘችና ፈገግ አለች።

"እማዬ፣ ያን ቀን ንፋስ አይደለም የመታን" አልኳት። "ከሰሉ ነው። ቱቦው ስለተዘጋ ነው።"

ብረት የሚቆርጠው ማሽን ይጮኻል። አልሰማችኝም ብዬ ልደግመው ስል እጇን ከእጀታው ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

"የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለች።

"ማናችንም አላወቅንም፣ እማዬ።"

"እሷስ? ጎረቤትሽ ታውቃለች?"

"ያውቃሉ።"

ጥቁሩን፣ ክፍቱን ቱቦ ገዛን። ግቢ ስንደርስ ወደ እኔ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ አዴ ጫልቱ ደጅ ሄደች። ከሩቅ ሆኜ ጉልበታቸው ላይ ስትወድቅ አየሁ፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ሲያነሷት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

እህቴ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሰሞኑን ደውላ "እማዬን ምከሪያት" አለችኝ። "በሩን ዘግታልኝ አታውቅም፣ ትንኝ ፈጀን። ከሰሉ ከጠፋ በኋላ እንኳን አትተኛም። ደፉ ላይ ተቀምጣ የልጁን ትንፋሽ እያዳመጠች ነው የምታድር።"

ስልኩን አቀብያት አልኩ። "እማዬ፣ ቱቦው እኮ አይዘጋም። ተኚ እንጂ" ብዬ ለመንኳት። "እሺ ልጄ" አለችኝ። እንደማትተኛ ከድምፅዋ አወቅሁ።

በመናገሬ አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን እናገራለሁ። ግን ለእህቴ ልጅ ትንፋሽ ስል የእናቴን እንቅልፍ ወስጃለሁ። እንዴት አድርጌ እንደምመልስላት አላውቅም።