የቅዳሜው የሒሳብ ትምህርት

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራች ቻይናዊት አለች። አንሶላ የምናጥፈው ጫፍና ጫፉን ይዘን ስለሆነ ወሬ አይጠፋንም። ትልቁ ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባው ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እንዴት እንዳሳደገችው ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ሰው ቤት ማደር የለም፣ በትምህርት ቀን ቴሌቪዥን የለም፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሒሳብ፤ ዘጠና አምስት ያመጣ ልጅ አምስቱ የት እንደቀረ ያስረዳል። እኔ ደሴ ያደግሁት አባቴ ፊት ቆሜ የማባዛት ሰንጠረዥ በቃሌ እያነበነብኩ ነውና፣ አባቴን መልሼ ያገኘሁ መሰለኝ።

ባለቤቴ ሌላ ነው። ታክሲ ነጂ ስለሆነ፣ ታክሲው ውስጥ ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን «ምን ትፈልጋለህ?» እያሉ ሲጠይቁ ሲሰማ ይውልና፣ «እዚህ አገር ልጅ በግድ አይገፋም፤ ልጃችን የወደደችውን ትሥራ» ይለኛል።

«የወደደችውማ መተኛት ነው» እለዋለሁ።

ብዙ ተጨቃጨቅን። ልጃችን አሥራ ሦስት ሲሞላት እሱ ተረታና፣ የባልደረባዬ ትንሹ ልጅ የሚማርበት የቅዳሜ ሒሳብ ትምህርት ቤት አስመዘገብናት። እኔ ቅዳሜ ሥራ ስለምገባ ወሳጁም መላሹም እሱ ሆነ። ከሥራ ስመለስ የሠራችበትን ወረቀት ታሳየኛለች፤ ሁሉም ልክ። ለጎረቤት ሳይቀር አሳይቻለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ሆቴሉ ውኃ ተቋርጦበት ቶሎ ለቀቁን። ባልደረባዬ ልጇን ልታመጣ ስትነሳ፣ «እኔም ልምጣ፣ ልጄን ሰርፕራይዝ ላድርጋት» አልኳት። መንገዱን ሙሉ ቀስ ብላ ነዳች። ደክሟት መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ደርሰን ስለ ልጄ ስጠይቅ፣ መምህሯ መዝገብ እንኳ አላገላበጠችም። «ከጥቅምት ወዲህ መጥታ አታውቅም። አባቷ አቁማለች ብሎኛል» አለችኝ።

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩና ባለቤቴን ኮል አደረግኩት።

«የት ናችሁ?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ። ፓርክ አድርጌ እየጠበቅኋት ነው።»

«በሩ ላይ?»

«አዎ፣ አሁን ይወጣሉ።»

ከኋላው ልጄ ስትስቅ ይሰማኛል። ከሆዷ ነበር የምትስቀው። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ስልኩን ዘጋሁት።

ባልደረባዬ መሬት መሬቱን ታያለች። «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ትንሹ ልጄ ነግሮኝ ነበር። ትልቁ ልጄ ከተመረቀ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ስለዚህ ልጅሽን አሳልፎ መስጠት ከበደኝ።»

«ታዲያ ለምን ያን ሁሉ መከርሽኝ?»

«እንዴት እንዳሳደግሁት ነው የጠየቅሽኝ» አለች። «በኋላ ምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም።»

ቤት ስገባ ቀድመውኛል። ልጄ ጭቃ የነካው ካልሲ አድርጋለች፤ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴቶች ቡድን ጋር ኳስ ትጫወት ነበር። ወረቀቶቹን አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁ። «7» ቁጥሮቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። እንደዚያ የሚጽፈው ባለቤቴ ነው። ሜዳው ዳር መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በእርሳስ፣ የእሷን እጅ ለማስመሰል እየተጠነቀቀ ሠርቶልኛል።

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?» አለኝ።

እንደማልሰማው አውቃለሁ። ግን ወራት ሙሉ ዓይኔን እያየ፣ ስመርቃት አሜን እያለ ሲዋሸኝ መክረሙን ያ አያጸዳለትም። ልጄ በእንግሊዝኛ፣ እንዳላዝን ብለው እንደደበቁኝ ነገረችኝ። እሷን አልተቆጣኋትም። ተነስቼ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ሒሳቡ በዚያው ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። አንዲት የአገሬ ሰው ዣንጥላዋን አጋራችኝና፣ «አንቺ ነሽ እንዴ እናቷ? አባቷ እናቷ ኳስ አትወድም ብሎን ነው እኮ ያልጋበዝንሽ» አለችኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ልጄ ጎል ስታገባ አጨበጨብኩ፤ እሷ ግን የሮጠችው ወደ አባቷ ነው።

ከባለቤቴ ጋር አልተለያየንም። ይቅርታ ብሎኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ዛሬም የት እንዳለ ሲነግረኝ በስልኩ ከኋላው የሚሰማውን ድምፅ አዳምጣለሁ።